ከሞንሮቪያ ተነሥቶ በሦስት ክፍለ ዓለም ስለ ተጫወተው ስለ ጆርጅ ዊሃ የተደረገ ንግግር

በየመንደሩ ትምህርት ቤት የምትማሩ ልጆች ሆይ፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሜዳ ላይ ኳስ ስትጫወቱ የሚያያችሁ ሰው ሁሉ አሳቡ አንድ አይደለም። አንዱ ለሰውነት ጤና ነው ብሎ ደስ ይለዋል፤ ሌላው ጊዜ ማጥፋት ነው ብሎ ይቈጣል። ኳስ መጫወትን ሥራው አድርጎ፤ በዚያም ደመወዝ እየተቀበለ፤ በአፍሪካና በአውሮፓ በእስያም የተዘዋወረ ጆርጅ ዊሃ የሚባል አንድ አፍሪካዊ ሰው አለ። የርሱን ታሪክ የሰማ ሰው ኳስ ሊሰጥ የሚችለውንና ሊሰጥ የማይችለውን ነገር ለይቶ ያውቃል። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ላይቤሪያ በአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ፤ በአትላንቲክ ውቅያኖስ አጠገብ ያለች አገር ናት። ከአሜሪካ ወደ አፍሪካ የተመለሱ ጥቁር ሰዎች በ1847 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት መሆኗን አወጁ። ዋና ከተማዋም ሞንሮቪያ ይባላል። ጆርጅ ዊሃ በዚህ ከተማ በ1966 ዓ.ም. ተወለደ፤ ክላራ ታውን በሚባለውም የድኾች ሰፈር ያሳደጉት አያቱ ናቸው። አድጎ በአገሩ ማኅበሮች ውስጥ መጫወት በጀመረ ጊዜ ከኳስ የሚገኘው ገንዘብ ለኑሮ የሚበቃ አልነበረምና፤ በስልክ መሥሪያ ቤት የስልክ ማገናኛ መሣሪያ ሠራተኛ ሆኖ ያገለግል ነበር።

በእግር ኳስ ጨዋታ በአንድ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። በረኛው ግቡን ይጠብቃል፤ ተከላካዮች ጠላትን ይመልሳሉ፤ የመካከሎቹ ኳሱን ያቀብላሉ፤ ከፊት የሚቆመው አጥቂ ግን ሥራው ግብ ማግባት ነው። የአጥቂ ክብሩም ወቀሳውም ብዙ ነው። ባገባ ጊዜ ሕዝብ ሁሉ ስሙን ያነሣል፤ በሳተ ጊዜ ግን የ10 ሰዎች ድካም በርሱ ምክንያት እንደ ጠፋ ይቈጠርበታል። የዊሃ ሥራ ይህ ነበረ።

በ1987 ዓ.ም. ወደ ካሜሩን ሄደና በያውንዴ ከተማ ቶኔር ለሚባለው ማኅበር ተጫወተ። በዚያ ጊዜ የካሜሩንን ብሔራዊ ቡድን ያሠለጥን የነበረው ክሎድ ለሮዋ የተባለው ፈረንሳዊ ችሎታውን አይቶ፤ የሞናኮ አሠልጣኝ ለነበረው ለአርሴን ቬንገር ነገረው። ስለዚህ በ1988 ዓ.ም. ዊሃ በፈረንሳይ ሻምፒዮና ወደሚጫወተው ወደ ሞናኮ ማኅበር ገባ። አገሩ እንግዳ፤ ቋንቋውም እንግዳ ነበረ። ቬንገር ግን እንደ አባት ሆኖ እንደ ተቀበለውና ከሌሎቹ አብልጦ እንዲደክም እንደ መከረው ዊሃ ራሱ ብዙ ጊዜ መስክሯል። በ1989 ዓ.ም. የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ በ1991 ዓ.ም. ከሞናኮ ጋራ የፈረንሳይን ዋንጫ አገኘ። ከዚያም በ1992 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ማኅበር አልፎ፤ በ1994 ዓ.ም. የፈረንሳይን ሻምፒዮና ከጓደኞቹ ጋራ አሸነፈ።

በ1995 ዓ.ም. ኢጣልያ አገር ወዳለው ወደ ሚላን ማኅበር ሄደ። በዚሁ ዓመት ወርቃማ ኳስ የሚባለውን ሽልማት ተቀበለ። ይህ ሽልማት እስከዚያ ዓመት ድረስ የአውሮፓ አገር ዜግነት ላላቸው ብቻ ይሰጥ ነበርና፤ ሕጉ በተለወጠበት በመጀመሪያው ዓመት ያገኘው እርሱ ነው። እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ ከርሱ በቀር ለሌላ የአፍሪካ አገር ቡድን የሚሰለፍ ተጫዋች ይህን ሽልማት አላገኘም። በሴፕቴምበር ወር 1996 ዓ.ም. ሚላን ከቬሮና ጋራ ሲጫወት፤ ዊሃ ኳሱን በራሱ ግብ አጠገብ ተቀብሎ፤ የሜዳውን ርዝመት ሁሉ ሮጦ፤ የተቃዋሚዎቹን ተጫዋቾች እያለፈ ግብ አገባ። ሚላንም 4 ለ 1 አሸነፈ።

ነገር ግን ሰው ሁሉ ያለ ነውር አይገኝም። በዚያው ዓመት ከፖርቶ ማኅበር ጋራ ከተደረገ ጨዋታ በኋላ፤ አንዱን ተጫዋች በራሱ መትቶ አፍንጫውን ስለ ሰበረው ከ6 ጨዋታ ታገደ። በቀለሜ ምክንያት ሰድቦኛል ብሎ ተናገረ፤ ያ ሰው ግን አልሰደብሁም ብሎ ካደ። ስድብ ክፉ ነው፤ ይሁን እንጂ በእጅ ወይም በራስ የተመለሰ ስድብ ቅጣቱን በመላሹ ላይ ያመጣል።

በ2000 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ከቼልሲ ማኅበር ጋራ የእንግሊዝን ዋንጫ አገኘ፤ ከዚያም በማንችስተርና በማርሴይ ጥቂት ጊዜ ተጫውቶ፤ በመጨረሻ በአቡ ዳቢ አል ጀዚራ ለሚባለው ማኅበር ተጫወተና በ2003 ዓ.ም. ይህን ሥራ ተወ።

እርሱ በውጭ አገር ሲከብር የተወለደባት አገር ትቃጠል ነበር። በዲሴምበር ወር 1989 ዓ.ም. የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት፤ በመካከል ጥቂት ዕረፍት ቢሆንም፤ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡን አስለቀሰ። መንግሥቱ የኳስ ቡድኑን ማኖር ባልቻለ ጊዜ ዊሃ ከራሱ ገንዘብ የተጫዋቾቹን የጕዞ ወጪና ልብስ ይከፍል ነበር። በዚህም ላይቤሪያ በ1996 ዓ.ም. ለአፍሪካ ዋንጫ ውድድር በቃች። ለ2002 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ግን በአንድ ነጥብ ብቻ በናይጄሪያ ተቀደመች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፤ አንድ አጥቂ ምንም ቢበረታ ብቻውን ቡድን አይሆንም።

ሰላም በሆነ ጊዜ፤ በ2005 ዓ.ም. ዊሃ ለአገሩ ፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። በመጀመሪያው ምርጫ ቀዳሚ ሆነ፤ በሁለተኛው ግን በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ አሸነፉት። ተቃዋሚዎቹ አጥብቀው የነቀፉት ስለ ትምህርቱ ማነስ ነበረ። በዓለም ሁሉ የታወቀ ስሙ፤ የሰበሰበው ዋንጫና ገንዘብም ለዚህ ነቀፋ መልስ ሊሆኑት አልቻሉም። እርሱም ተቈጥቶ አልቀረም፤ 40 ዓመት ከሞላው በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጸመ፤ ቀጥሎም አሜሪካ አገር ከዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ንግድ ሥራ፤ ከዚያም ስለ መንግሥት አስተዳደር ተምሮ ማዕርግ ተቀበለ።

በ2014 ዓ.ም. የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ምርጫ አሸንፎ ጃንዋሪ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዊሃ ተብለው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አገር ማስተዳደር ግን ግብ ከማግባት ይልቅ የከበደ ሥራ ነውና፤ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሹማምንት ጕቦ ብዙ ወቀሳ ደረሰባቸው። በ2023 ዓ.ም. ምርጫ በጆሴፍ ቦአካይ በጥቂት ድምፅ ተሸነፉ። የመጨረሻው ቈጠራ ሳይነገር ለአሸናፊው ስልክ ደውለው እንኳን ደስ ያለዎ አሉ፤ ሥልጣኑንም በሰላም አስረከቡ። ብዙ ደም በፈሰሰባት አገር ይህ ከዋንጫ ሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ኳሳችሁን በጊዜው ተጫወቱ፤ ደወሉ ሲደወል ግን ወደ ክፍላችሁ ፈጥናችሁ ግቡ። ያ ሰው ከ40 ዓመት በኋላ በድካም የፈለገው ደብተር ዛሬ በእጃችሁ አለና።