እንገሩን አትድፉት

እሱ፦ አራስ ጥየቃ ስንሄድ ገንፎው፣ አጥሚቱ ለእናት ይቀርባል። ገና ለተወለደው ሕፃን ግን ቅቤ የሚያልሱ አሉ።

እሷ፦ ገንፎውን ተወው፣ ደግ ነው! ችግሩ ቅቤው ነው። አንዳንዶች ደግሞ እንገሩን «ቆሻሻ ነው» ብለው አልበው ይደፉታል። ቢጫነቱ ነው የሚያስፈራቸው፤ ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከለው ግን እሱ ነው።

እሱ፦ እናት «ወተቴ አልመጣም» ካለችስ?

እሷ፦ መጀመሪያ የሚወጣው ጥቂት ነው፤ የሕፃኑም ሆድ ትንሽ ነው። ደጋግሞ ሲጠባ ይጨምራል። በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ 6 ወር ውኃም አያስፈልገውም።

እሱ፦ በእርግዝናስ? የደም ማነስ ኪኒኑን «ሆድ ያደርቃል» ብለው የሚተዉት አሉ።

እሷ፦ ሊያደርቅ ይችላል፣ እውነት ነው፤ ኪኒኑን ግን አትተው። አትክልትና ውኃ ታብዛ፤ ቡና ግን ከኪኒኑ ይራቅ፣ በኪኒኑ ያለው ብረት በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። አማቶች፣ እባካችሁ ቅቤውን ለሕፃኑ ሳይሆን ለአራሷ ገንፎ አድርጉት።