ጸሎት የልብ ትምህርት ነው



ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ጌታን ጸሎት እንዲያስተምራቸው እንደ ለመነው ቅዱስ ሉቃስ በ11ኛው ምዕራፍ ጽፏል። እንግዲህ ጸሎት የሚጠየቅና የሚለመድ ትምህርት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። አባቶቻችንም ይህን ዐውቀው ለቀኑ 7 የጸሎት ጊዜያት መደቡለት፤ ውዳሴ ማርያምንም ለ7ቱ ዕለታት ከፈሉት፤ ልጅም ፊደልና ንባብ ሲጨርስ ዳዊት እንዲደግም አደረጉ።

ነገር ግን በቃል መያዝ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከንፈር ሲያነበንብ ልብ ገበያ ከዋለ ምን ይረባል? ስለዚህ በግዕዝ የምንደግመውን የአቡነ ዘበሰማያትን ትርጓሜ ከመምህራን እንጠይቅ።

ጸሎት ለፈተና ሰሞን ብቻ ከሆነም ንግድ ይሆናል፤ ያለፈው አምላኩን ይረሳል፣ የወደቀው ያማርራል። ልጅ ግን አባቱን ለማነጋገር ችግር እስኪደርስበት አይጠብቅም። እኛም ጠዋት ደብተር ሳንገልጥ፣ ማታም ሳንተኛ ጥቂት ደቂቃ ለይተን አስቀድመን እናመስግን፤ ይቅርታ እንለምን፤ ስለ ባልንጀራችን እንማልድ፤ የራሳችንን ጉዳይ በመጨረሻ እናቅርብ። በማግስቱም ለጸለይንለት ባልንጀራ ያልገባውን ትምህርት ብናስረዳው ጸሎታችን ከልብ መሆኑ ይታወቃል።

እግዚአብሔር ይርዳን።