በእጅ ያለ ወርቅ፦ ስለ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰው ሁሉ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በደቂቃ ብዙ ፎቶግራፍ በሚያነሣበት በአሁኑ ዘመን፣ እኛ የፎቶግራፍ ማኅበር አባላት በአሮጌ ካሜራና በጥቁርና ነጭ ፊልም ከሚሴንና አካባቢዋን ለማንሣት የምንደክመው ለምን እንደሆነ ብዙዎች ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ባጭሩ ለማቅረብ ፈቃዳችሁን እንለምናለን።

ፎቶግራፍ ለአገራችን እንግዳ ሙያ አይደለም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሐይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰዋል። ይሁን እንጂ ካሜራው ለብዙ ጊዜ ያተኮረው በታላላቅ ሰዎች ላይ ነበር። በገበያችን እህል የምትሸጠው እናት፣ በጨፋ ሜዳ ከብት የሚጠብቀው ልጅ፣ ከወሎ ደጋ ወርዶ ወደ አዋሽ የሚጓዘው ቦርከና ወንዝ ግን ማን አነሣቸው? የባቲን የሰኞ ገበያና የሰንበቴን የእሑድ ገበያ ለማየት ከሩቅ የሚመጡ አሉ፤ እኛ ግን በየሳምንቱ ስለምናየው እንዳላየነው እናልፈዋለን። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ማለት ይህ ነው።

የምንሠራበት ካሜራ በሶቭየት ኅብረት ዘመን የተሠራ ዜኒት ነው። ባትሪ አይፈልግም። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶግራፍ ብቻ ስለሚይዝ፣ ከመተኰስ በፊት ማሰብ ግድ ነው። ፍጥነቱ 100 የሆነ ፊልም ጐርሶ ፀሐይ ቦግ ስትል፣ የብርሃን ቀዳዳውን 16፣ ጊዜውን 1/125 ሴኮንድ ላይ ማድረግ ይበቃል። ከዋርካ ጥላ ሥር ሲሆን ቀዳዳውን ወደ 5.6 እንከፍታለን። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትሆን የሰው ዓይን በጥላ ይሸፈናል፤ ስለዚህ ማለዳንና አመሻሽን እንመርጣለን። ቀይ ሻሽና አረንጓዴ ቅጠል በዚህ ፊልም ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊመስሉ ስለሚችሉ፣ ቀለሙን ትተን ብርሃንና ጥላን ማየት እንማራለን።

ፊልሙን የምናጥበው ራሳችን ነን። ማጠቢያው መድኃኒት 20 ዲግሪ ሲሆን ሥራው ያምራል፤ የእኛ አገር ግን ቆላ ነው። ስለዚህ ዕቃውን በእንስራ ባደረ ውኃ ውስጥ እናቀዘቅዘዋለን። ውኃው በሸክላው ግድግዳ እያላበ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳልና፣ እናቶቻችን ከጥንት የሚያውቁት ዘዴ በፊዚክስ ክፍል የምንማረው ትምህርት ሆኖ አገኘነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያታችን ግን ይህ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ወራት ጦርነት እስከ ከተማችን መድረሱን ሁላችን እናስታውሳለን። ቤት የተሰደዱበት ወይም የተቃጠለበት ሰው እህሉንና ዕቃውን በጊዜ ሊተካ ይችላል፤ የሟች አባቱን ብቸኛ ፎቶግራፍ ግን ከየት ያመጣዋል? ፊልም ከታጠበ በኋላ የሚቀረው ነጋቲቭ በደኅና ከተቀመጠ፣ የቤቱ ፎቶግራፍ ቢጠፋ ከእርሱ ሌላ ማተም ይቻላል። ነጋቲቮቹ ደረቅና ቀዝቃዛ በሆነ ቦታ፣ የሰውየውና የቦታው ስም፣ ቀኑም ተጽፎባቸው በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጡ የምንጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ለራሳችን የወሰንነው ደንብም አለ። ያለ ፈቃድ ማንንም አናነሣም፤ «እማማ፣ ይፈቅዱልናል?» ብለን እንጠይቃለን፤ እምቢ ያለንን አመስግነን እናልፋለን። ለተነሣው ሰው ሁሉ አንድ ቅጂ በእጁ እንሰጣለን፤ የሰውን መልክ ወስዶ መቅረት ብድር ወስዶ እንደ መካድ ነውና።

ወላጆቻችን ሆይ! በሣጥናችሁ ውስጥ ያሉትን የድሮ ፎቶግራፎች አምጡልን፤ ቅጂያቸውን አንሥተን ዋናውን በዚያው ቀን እንመልሳለን። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ስምም ንገሩን፤ ስማቸውን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁና። ጓደኞቻችን ደግሞ ወንድ ሴት ሳይባል ከእኛ ጋር ኑ፤ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ከበራችን እንጀምር።