ገንዘቡ በስልክ ቢሄድም እምነቱ በሰው ነው
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በናይሮቢ ባለሱቆች ስም የቀረበ ንግግር)





እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ቴክኖሎጂ ሁሉንም ያቀፈና የታመነ ኢኮኖሚ እንዴት እንደሚገነባ የሚል ነው። እኛ ባለሱቆች ነን እንጂ የኮምፒዩተር ሊቃውንት አይደለንም። ስለዚህ የምንናገረው ከባንኮኒ ጀርባ ቆመን ስላየነው ጉዳይ ይሆናል፤ እሱም ኤም-ፔሳ ነው።

የቆያችሁ ታስታውሳላችሁ። ቀድሞ በኬንያ ገጠር ላለች እናቱ ገንዘብ የሚልክ ሰው ወይ ለአውቶቡስ ሹፌር አደራ ይሰጣል፣ ወይ በፖስታ ቤት ይልካል፣ ካልሆነም ራሱ ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሙከራው ሲጀመር የታሰበው አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሰዎቹ ግን እርስ በርስ ገንዘብ መላላክ ያዙ። ሳፋሪኮምም ይህን አይቶ በማርች 2007 ኤም-ፔሳን ለሕዝብ አቀረበ። «ኤም» ሞባይል ማለት ነው፣ «ፔሳ» ደግሞ በስዋሂሊ ገንዘብ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ከምርጫው በኋላ ሁከት ሲነሣ፣ መንገድ ተዘግቶበት ባንክ መድረስ ያቃተው ሰው ከዘመዱ በስልክ ገንዘብ ተቀበለ። ብዙ ሰው ጥቅሙን የተረዳው ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ ሕዝቡ ይህን ነገር እንዴት አመነው? ሁለት ምክንያት እንሰጣለን። አንደኛው፣ ደንበኛው በስልኩ ያለው ገንዘብ ያህል በባንኮች ውስጥ በአደራ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ኩባንያው ለራሱ ሥራ አያውለውም። ሁለተኛውና ትልቁ ግን ወኪሉ ነው። ወኪሉ የሠፈር ባለሱቅ ነው። ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይይዛል፤ አንዱ በመሳቢያው ያለው ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ሌላው ፍሎት የምንለው በስልኩ ያለው ነው። ደንበኛ ሲያስገባ ጥሬው ይበዛና ፍሎቱ ይቀንሳል፤ ሲያወጣ ደግሞ ይገለበጣል። ሁለቱን ማመጣጠን የየዕለት ጣጣችን ነው። አንድ ቀን «ገንዘብ የለም» ብለን የመለስነው ደንበኛ ሌላ ቀን ላይመለስ ይችላል። ዛሬ በኬንያ ከ200 ሺህ በላይ ወኪሎች አሉ። ቴክኖሎጂው የቆመው በእነዚህ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው።

ፍሬውም ታይቷል። በ2006 በኬንያ ከአዋቂው ሕዝብ ሕጋዊ የገንዘብ አገልግሎት የሚያገኘው 26.7 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2024 ግን 84.8 በመቶ ደርሷል። ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ኤም-ፔሳ 194 ሺህ ያህል የኬንያ ቤተሰቦችን ከድህነት እንዳወጣ ገምተዋል፤ ይበልጥ የተጠቀሙትም በሴት የሚተዳደሩ ቤቶች ናቸው። ጉሊት ለምትቸረችር ሴት፣ ባሏ ሳያውቅባት በራሷ ስልክ የምታስቀምጠው ጥቂት ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ እናቶቻችን ይነግሩናል።

ነገር ግን ከመቶ አሥር የሚጠጋው ሰው አሁንም ውጭ ቀርቷል። ከእነዚህ ዓይነት ሰዎች በመካከላችንም አሉ። መስመር ለማስመዝገብ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ያለቀበት ወይም የዘገየበት ወገናችን በሌላ ሰው ስም በወጣ ሲም ካርድ ይጠቀማል። ያ ሰው ቢጣላው ወይም አገር ቢለቅ ገንዘቡን በምን ያስመልሳል? መልእክቱ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ነው፤ ማንበብ ያልቻሉ እናት ምስጢር ቁጥራቸውን ለጎረቤት ልጅ ይሰጣሉ። ልጁ ጨዋ ቢሆን እሰየው፤ ባይሆንስ?

አጭበርባሪውም አልተኛም። አንዱ በስልኩ ሐሰተኛ መልእክት አሳይቶ ዕቃ ይዞ ይሄዳል። ሌላው «በስሕተት ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ባለሱቅ ዕቃ ከማስረከቡ በፊት የራሱን ስልክ ይይ፤ መልእክቱም ከተራ ስልክ ቁጥር ሳይሆን ከኤም-ፔሳ መምጣቱን ያረጋግጥ። ላኪም ከመላኩ በፊት የሚታየውን የተቀባይ ስም ያንብብ። በእውነት በስሕተት የላከ ሰው የግብይቱን መልእክት ወደ 456 ልኮ ማስመለስ እንዲደረግለት ይጠይቃል እንጂ እናንተ በራሳችሁ ገንዘብ እንድትመልሱለት አይገደድም፣ አትገደዱምም።

ለወጣቶቻችን ደግሞ ስለ ስልክ ብድር አንድ ቃል እንበል። ኤም-ሽዋሪ በ2012 ከመጣ ወዲህ ብድር በደቂቃ ውስጥ ይገኛል። ከዚያ በኋላ የበዙት አንዳንድ አበዳሪዎች የተበዳሪውን ዘመድና ወዳጅ እየደወሉ ያዋርዱ ነበር። ማዕከላዊ ባንኩ በ2022 ባወጣው ደንብ አበዳሪዎቹ ፈቃድ እንዲይዙ ስላዘዘ፣ ከመበደር በፊት ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ መብታችሁ ነው።

እንግዲህ ማኅበራችን ምን ያድርግ? ሦስት ነገር እንለምናለን።

1ኛ፦ የዕድር መዋጮ በአንድ ሰው የግል ስልክ መሰብሰቡ ይቅርና በማኅበሩ ስም በተመዘገበ የመክፈያ ቁጥር ይግባ፤ ሒሳቡም በየወሩ በስብሰባ ይነበብ። ሰው ታማኝ ቢሆንም ሒሳብ ሲነበብ ሐሜት ይርቃል።

2ኛ፦ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍሉ አረጋውያን እንዳይገለሉ የደረሰኝ ደብተራችን አይዘጋ። ዕድራችን ማንንም «ስልክ የለህም» ብሎ ከቀብር አያስቀር።

3ኛ፦ ወጣቶች በየቅዳሜው በአዳራሻችን ተቀምጠው ለእናቶችና ለአባቶች አጠቃቀሙን በአማርኛ ያስተምሩ፤ ምስጢር ቁጥራቸውን ግን ዓይናቸውን መልሰው ያስመቷቸው።

ይህ ትምህርት ለአገር ቤትም ይተርፋል። ቴሌብር በ2021፣ ኤም-ፔሳም በኦገስት 2023 ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ጀምረዋል። እኛ ከዓመታት በፊት ያየነውን ማታለያ ወንድምና እኅቶቻችን አሁን እያዩት ነው። ስንደውልላቸው ገንዘብ ደረሰ አልደረሰ ብለን ብቻ አንዝጋ፤ ያወቅነውንም እንንገራቸው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችን። አንድ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜን ብንካፈለው ለማንም አይከብድም።