የትንሽ አገር በር



ዛሬ ስለ ጎረቤታችን ስለ ጅቡቲ ጥቂት ልንነግራችሁ እንወዳለን። የሕዝቧ ብዛት 1 ሚሊዮን ገደማ ነው። ዝናብ የራቃት፣ እህሏን ከውጭ የምታስገባ፣ በወደቧና ለውጭ ጦር ሰፈሮች በምታከራየው መሬት የምትተዳደር አገር ናት። ከየመን የሚለያት ባብ ኤል መንደብ የሚባለው ጠባብ ባሕር ብቻ ነው። ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የስሙ ትርጉም «የእንባ በር» ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ሁቲዎች ሰንዓን ያዙ፤ በመጋቢት 2015 ሳዑዲ ዐረቢያ የምትመራው ጥምር ጦር ከአየር መደብደብ ጀመረ። ያን ጊዜ የየመን ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው በጀልባ ወደ ኦቦክ ጎረፉ። ጅቡቲም የእያንዳንዱን ጉዳይ ለየብቻ ሳትመረምር ሁሉንም በስደተኛነት ተቀበለች፤ በኦቦክ አጠገብም የማርካዚ መጠለያ ተከፈተ።

ታዲያ ጅቡቲ ገለልተኛ ነበረችን? አልነበረችም። ከሳዑዲ ጎን ቆመች፤ በጥር 2016 ከኢራን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። ግንኙነቱ የታደሰው በ2023 ነው። ሆኖም በ2016 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የመርከብ መርማሪዎች ሥራቸውን ከጅቡቲ ጀመሩ። ሁቲዎች ወደ ያዙት ወደ ሁዴይዳ የሚሄደው ምግብና ነዳጅ፣ የጦር መሣሪያ እንዳይቀላቀልበት እየተመረመረ እንዲያልፍ ተደረገ። እንግዲህ በፖለቲካው ወገን የያዘችው አገር፣ በማዶ ላለው ሕዝብ ምግብ ማለፊያ ሆነች ማለት ነው።

ሁሉም መልካም ነው ማለታችን አይደለም። በ2017 የወጣው ሕግ ለስደተኞች የመሥራትና የመማር መብት ሰጥቷል፤ ነገር ግን መብት ብቻውን ሥራ አይሆንም። የኦቦክ ሙቀትና የአሸዋ ነፋስ ብርቱ ነው። ኑሮው ከብዷቸው ጦርነት ወዳለበት አገራቸው የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። በዚያው ባሕር ዳር የእኛም ልጆች ሳዑዲ እንገባለን ብለው ወደ የመን ይሻገራሉ። አንዱ ከጦርነት ሲሸሽ ሌላው ወደ ጦርነቱ ይሄዳል፤ በመንገድ ባሕር የበላቸውም ጥቂቶች አይደሉም።

በፕሮጀክቶች ያላችሁ ሠራተኞች፣ «እነዚህ የማን ወገን ናቸው?» የሚል ጥያቄ እንደሚቀርብላችሁ እናውቃለን። ለእኛም በየጉባኤው ይቀርብልናል። የመንግሥታት አቋም ይለዋወጣል፤ ጅቡቲና ኢራን ለመታረቅ 7 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። የተራበ ሕፃን ግን 7 ቀንም አይጠብቅም። ስለዚህ ጥያቄያችን «ምን ጎደለው?» የሚል ይሁን።

ደግሞም ተቀባዩን አንርሳ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን፤ ያ ጎረቤት ግን ራሱ ውኃ የተጠማ ነው። ለስደተኛው ጉድጓድ ስንቆፍር የኦቦክ ሰው በአጥር ማዶ ቆሞ የሚያይ ከሆነ፣ ዛሬ የተከፈተው በር ነገ ሊዘጋ ይችላል። እርዳታችን ለሁለቱም ይድረስ ዘንድ አደራ እንላለን።