ከፖሊስነት ወደ ከንቲባነት ስለ ደረሰ ሰው
በኢዮቤልዩ በዓል ቀን ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ



ሹመት ወደ ሰው የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአለቃ ትእዛዝ፤ ሁለተኛው በሕዝብ ምርጫ ነው። በሁለቱም መንገድ ሄዶ የሁለቱን ሸክም ያወቀ ቶማስ ብራድሊ የሚባል ሰው በአሜሪካ አገር ነበረ። የዘመኑም ቁጥር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ብራድሊ በ1917 ዓ.ም. በቴክሳስ ግዛት፤ የሰው መሬት እያረሱ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋራ ከሚካፈሉ ጥቁሮች ተወለደ፤ አያቱም ባሪያ ነበሩ። በልጅነቱም ወላጆቹ ወደ ሎስ አንጀለስ ወሰዱት። በሩጫ ብርታቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳለ፤ በ1940 ዓ.ም. ትምህርቱን ትቶ ፖሊስ ሆነ።

በዚያ ዘመን በዚያች ከተማ ጥቁር ፖሊስ ከነጭ ፖሊስ ጋራ በአንድ መኪና አይሠማራም ነበር። እርሱ ግን ሥራውን ሳይተው ማታ ማታ ሕግ ተማረ፤ በ1956 ዓ.ም.ም የጥብቅና ፈተና አለፈ። 21 ዓመት አገልግሎ በሌተናንትነት ማዕርግ በ1961 ዓ.ም. ተሰናበተ፤ በ1963 ዓ.ም. የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ።

በ1969 ዓ.ም. ለከንቲባነት ቢወዳደር ተቃዋሚው የፖሊስ ጠላት ነው ብሎ አስወራበት፤ ያን ያህል ዘመን የፖሊስ ልብስ የለበሰው ሰው በዚህ ወሬ ተሸነፈ። ነገር ግን በ1973 ዓ.ም. እንደ ገና ቀርቦ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ጥቁሮች ከከተማው ሕዝብ ከመቶው 20 እንኳ አይሞሉም ነበርና፤ የመረጠው ዘመዱ ብቻ እንዳልሆነ ይታወቃል። እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስም 20 ዓመት ከንቲባ ሆኖ ቆየ።

ከሁሉ የከበደው ፈተና በመጨረሻ መጣበት። በ1991 ዓ.ም. ፖሊሶች አንድ ጥቁር ሰው ሲደበድቡ በፊልም ታየ። ብራድሊ የፖሊሱ አለቃ ከሹመቱ እንዲወርድ ጠየቀ፤ አለቃው ግን እንቢ አለ። የከተማው ሕግ ከንቲባው የፖሊስን አለቃ እንዲሽር አይፈቅድለትም ነበርና። በ1992 ዓ.ም. ደብዳቢዎቹ ከወንጀል ነፃ ናቸው ቢባል ከተማው በእሳት ነደደ፤ ከ50 ሰው በላይ ሞተ። ከዚህ በኋላ በዚያው ዓመት ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የፖሊስ አለቃ ዘመን 5 ዓመት እንዲሆን፤ የሚታደሰውም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ወሰነ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይታያል። በታናሽ ማዕርግ ታግሦ የሠራ ሰው ለታላቁ ሹመት ይበቃል። ዳሩ ግን የአንድ ሰው ደግነት ብቻውን አይበቃም፤ ሹም ሁሉ የሚጠየቅበት ሕግ ያስፈልጋል። የሰበካ ጉባኤ አባሎችም በምእመናን የሚመረጡ ናቸውና፤ የመረጠ ሊጠይቅ፤ የተመረጠም ሊመልስ ይገባዋል። አጥቢያ ከኢዮቤልዩ ወደ ኢዮቤልዩ የሚሸጋገረው እንዲህ ሲሆን ነው።