የአዋሽ ሰው፦ ሙሴ ዣን ሻቫዮን
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ምሽት፣ በካርቲየ ሰባት፣ ለአባላትና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር)





አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ አንድ ታላቅ ሰው ተናገር» ብሎ ሲያዘኝ፣ ስለ ንጉሥ ወይም ስለ አርበኛ የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ የመረጥኩት ግን ዕድሜያቸውን ድንጋይ ሲለቅሙ የኖሩ አንድ ፈረንሳዊ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የልጅ ልጄ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ዘረጋችልኝ። ስለ ጥንት ሰው ተምራለች። ዋሻው የፈረንሳይ፣ ሥዕሉም የፈረንሳይ ነው። «አያቴ፣ የእኛ ሰዎች ያን ጊዜ የት ነበሩ?» አለችኝ። እዚሁ ካርቲየ ሰባት ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። «ሉሲ አለች እኮ» አልኳት። «ከሉሲስ በኋላ?» ስትለኝ ዝም አልኩ። የዛሬው ንግግሬ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። ዓመቶቹን ለልጆቹ እንዲመች በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ስትሄዱ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ አዋሽን የምትሻገሩበት ቦታ አለ። መልካ ቁንጡሬ ይባላል። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በልጅነቴ በዚያ በአውቶቡስ ሳልፍ ተሳፋሪው «እነዚህ ፈረንጆች ወርቅ ነው የሚፈልጉት» ይል ነበር። ማን ለድንጋይ ብሎ ፀሐይ ላይ ይውላል?

ቦታውን በ1963 መጀመሪያ ያስተዋሉት ጌሪት ዴከር የሚባሉ የውሃ ጥናት ባለሙያ ሆላንዳዊ ናቸው። በማግስቱ ዓመት ፈረንሳዊው ዤራር ባዩ ቃኙት። በ1965 ቁፋሮውን የተረከቡት ዣን ሻቫዮን ናቸው። ሙሴ ሻቫዮን በ1925 የተወለዱ፣ ከዚያ በፊት በአልጀሪያ ሰሐራ የመሬትን አፈጣጠር ያጠኑ ሰው ናቸው። ወደ እኛ ሲመጡ 40 ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው አገር አይቀይርም ትሉ ይሆናል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን በ40 ዓመቱ ሻንጣውን ይዞ ጅቡቲ የገባ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። አዋሽ በየዘመኑ ሲሞላ ደለል ያለብሳል። በዙሪያው ያሉት እሳተ ገሞራዎች ደግሞ አመድ ያርከፈክፉበታል። ደለል፣ አመድ፣ ደለል፣ አመድ፤ ልክ እንደ ተደራረበ እንጀራ። አመዱ ዕድሜው በላቦራቶሪ ስለሚለካ፣ በሁለት አመድ መካከል የተገኘ ነገር በየትኛው ዘመን እንደነበረ ይታወቃል። ሙሴ ሻቫዮንና ባለቤታቸው ኒኮል ከአካባቢው ሠራተኞች ጋር ሆነው አፈሩን ንብርብር በንብርብር ገለጡት። ድንጋዩንና አጥንቱን ነቅለው ወደ ጆንያ አልከተቱም። እያንዳንዱ በወደቀበት ቦታ ሳለ ተለካ፣ ተሣለ። አንድ ድንጋይ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ከጎኑ የተሰበረ የጉማሬ አጥንት ካለ ግን ማን ምን እንደበላ ትጠይቃላችሁ።

እዚህ ላይ እናቶች አንድ ነገር ታውቁልኛላችሁ። ባልጩትን ታስታውሳላችሁ? ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚቆርጥ። በገጠር ቆዳ ፋቂዎች ይሠሩበት ነበር። ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ባልጪት የሚባል ቦታ አለ፤ ይኸው ድንጋይ በብዛት የሚገኝበት ነው። የመልካ ቁንጡሬ ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት በፊት ጀምሮ ባልጩት እየቀረጹ ስለት ያወጡ ነበር። እኛ የአያቶቻችን ዕቃ ስንለው የኖርነው ነገር ሥሩ ይህን ያህል ሩቅ ነው።

ልጆች፣ ይህን ደግሞ ለእናንተ ነው የማወራው። በ1981 ጋርባ በሚባለው የቁፋሮ ቦታ የአንድ ሕፃን የመንጋጋ አጥንት ተገኘ። ገና ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ሕፃን ነው። በ2023 የታተመ ጥናት ዕድሜውን ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት አድርሶታል፤ ሆሞ ኤሬክተስ የሚባለው የሰው ዘር ልጅ እንደሆነም ገልጿል። ቦታው ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ደጋ ነው። ሌሊቱ ይበርዳል። እኛ እዚህ በሐምሌ ሙቀት እየቀለጥን ልናስበው አንችልም እንጂ፣ የዚያ ሕፃን እናት ልጇን ከብርድ ለመከለል ሳትቸገር አልቀረችም።

በ1982 ግን ሥራው ቆመ። መንግሥት የውጭ አገር ተመራማሪዎችን የቅድመ ታሪክ ጥናት አገደ። ሙሴ ሻቫዮን 17 ዓመት የደከሙበት ቦታ ተዘጋባቸው። 57 ዓመታቸው ነበር፤ ቤታቸው ገብተው መጽሐፍ ቢጽፉ ማን ይወቅሳቸው ነበር?

ወዴት መጡ መሰላችሁ? ወደዚህ ነው። ወደ ጅቡቲ!

በጋላፊ በኩል ጭነት የሚያመላልሱ ሾፌሮቻችን ዲኪልን ያውቁታል። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ አስ ኤይላ ባለበት በጎባድ ሜዳ፣ ባሮጋሊ የሚባል ቦታ አለ። በ1980ዎቹ ሙሴ ሻቫዮንና ባልደረቦቻቸው እዚያ የአንድ ዝሆን አፅም አጠኑ። ዛሬ የሌለ፣ ዘሩ የጠፋ የዝሆን ዓይነት ነው። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ይሆነዋል። በአጥንቶቹ መሐል ሰው የጠረባቸው ድንጋዮች ተበትነው ተገኙ። ሰዎች ዝሆኑን በልተውታል ማለት ነው፤ ገድለው ይሁን ሞቶ አግኝተውት ሌላ ጥያቄ ነው። ዛሬ ፍየል እንኳ ቅጠል ፈልጋ በምትንከራተትበት ምድር ያን ጊዜ ዝሆን የሚያጠግብ ሣርና ውሃ ነበረ።

አሁን ካርታ በዓይነ ኅሊናችሁ ዘርጉልኝ። አዋሽ ከመልካ ቁንጡሬ ወርዶ፣ ሉሲ በ1974 በተገኘችበት በሐዳር በኩል አልፎ፣ አፋርን ያጠጣና ባሕር ሳይደርስ ይቀራል። የሚያልቀው አቤ ሐይቅ ውስጥ ነው። አቤ ሐይቅ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ነው፤ የጎባድ ሜዳም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ሐዳርን ለሳይንስ ያስተዋወቁት ፈረንሳዊው የመሬት ጥናት ሊቅ ሞሪስ ታዬብም የአዋሽን ሸለቆ ከላይ እስከ ታች ያጠኑ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ሙሴ ሻቫዮን ጅቡቲ ሲመጡ ሌላ ወንዝ አልፈለጉም። በራሱ ቢከለከሉ በጭራው መጡ።

«ፈረንጅ መቼ በነፃ ይሠራል፣ ቅርሳችንን ሊወስድ ነው እንጂ» የሚል ሰው እዚህ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከሜዳ የተነሣ ወሬም አይደለም። ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ያቋረጠው፣ ስሙም «ዳካር–ጅቡቲ» የተባለው የፈረንሳይ ጉዞ ከጎንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ነቅሎ በምትካቸው ቅጂ አድርጎ ሄደ። ዋናዎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው። ያለፈው ደግሞ በዚችው ከተማ ወደብ ነው። ይህን ለልጆቻችን መደበቅ የለብንም። የመልካ ቁንጡሬ ግኝት ግን ያለው አዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ በቦታውም ላይ ትንሽ ሙዚየም አለ። ሁለቱም ፈረንሳዮች ናቸው፤ ሥራቸውን ለይተን እንመዝን።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ አፈር በብሩሽ የጠረጉ፣ ድንጋይን ከድንጋይ መለየት የተማሩ የአካባቢው ሰዎች ስማቸው በየመጽሐፉ ሽፋን ላይ የለም። እኛ የዚህን አገር ወደብና ባቡር ከሠሩት መሐል የስንቱን አባቶቻችንን ስም እናውቃለን?

ሙሴ ሻቫዮን በሩ ሲከፈት በ1990ዎቹ ተመልሰው እስከ 1995 ቆፈሩ። ከዚያ ቦታውን ለጣልያኖች አስረከቡ። በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ጎምቦሬ በሚባለው ቦታ የ700,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የእግር አሻራዎች አገኙ፤ ከእነዚያ ውስጥ የሕፃናትም አለበት። ሙሴ ሻቫዮን በ2013 በ88 ዓመታቸው ዐረፉ። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩት በ2024 ነው፤ አላዩትም።

ለልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ነገርኳት። «ታዲያ አዋሽ የሚያልቅበትን ለምን አናይም?» አለች። ኮሚቴው ሐሳቡን ተቀብሎታል። ሙቀቱ በረድ ሲል በዲኪል በኩል ወደ አቤ ሐይቅ የአንድ ሌሊት ጉዞ ይኖራል። ልጆቻችሁን ለመላክ የምትፈልጉ ወላጆች ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት በር ላይ ለተቀመጠው ጸሐፊያችን ስም አስመዝግቡ። ብርድ ልብስና ውሃ አትርሱ።